የሚዋልል መሪ፣ የሚርገበገብ ጎማ፦ የመሪ ሳጥን ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በደብረ ብርሃን የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። በ1993 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ላንድክሩዘር 80 አላቸው፤ በተለምዶ ኮብራ የምንለው ነው። የኋላው እየተቀመጠ ስላስቸገራቸው አራቱም ሞላዎች ጠንከር ባሉና መኪናውን 5 ሴንቲሜትር ከፍ በሚያደርጉ ተቀየሩ። ከዚያ ወዲህ መኪናው በጫጫ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ከኩርባ በኋላ መሪው በራሱ አይመለስም። በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጉድጓድ ሲመቱ የፊት ጎማዎቹ መርገብገብ ይጀምራሉ፤ መኪናው ሊቆም እስኪቃረብ ድረስም አይተዉም። ፍሬን ሲይዙ ወደ ግራ ይስባል፤ በመንዝ ፒስታ ላይ ደግሞ ክፉኛ ያናውጣል። የመሪውን ንዝረት የሚያፍነው አሞርዛተር ተቀይሮ መርገብገቡ ለአንድ ወር ያህል ቀነሰና ተመለሰ። አሁን አንድ ጋራዥ «የመሪ ሳጥኑ አልቋል፣ ይቀየር» ብሏቸዋል፤ ሳጥኑ የመሪውን መዞር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው ክፍል ነው። በመጪው ሳምንት ቤተሰብ ይዘው መሐል ሜዳ መሄድ ይፈልጋሉ። ሳጥኑን ልግዛ ወይ? እስከዚያስ መሄድ እችላለሁ ወይ? ይላሉ።

መምህር፣ ሳጥኑን ገና አይግዙ። ይህን የምለው ሳጥኑ ጤነኛ መሆኑን ስላወቅሁ አይደለም፤ ከነገሩን ምልክቶች መካከል ተለይቶ ወደ ሳጥኑ የሚያመለክት ስለሌለ ነው። ያለቀ ሳጥን መሪው ጎማውን ሳያዞር ባዶውን እንዲንቀሳቀስ ያደርጋል። መኪናን ማዋለል ይችላል፤ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ ግራ እንዲስብ ግን አያደርግም፣ መኪናውም ሊቆም እስኪቃረብ የማይተው መርገብገብ ብቻውን አያመጣም። ሳጥን ግን ውድ ነው፣ ፈትቶ ማሰሩም ቀላል ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጋራዥ ፈጥኖ ወደ እሱ ይሮጣል። ባለ ድፍን አክስል መኪና ላይ (ግራና ቀኝ ጎማዎቹ በአንድ ወጥ ብረት የተያያዙበት) በመጨረሻ ጥፋተኛ ሆነው የሚገኙት በአብዛኛው ጎሚኒዎች (በመገናኛዎች ውስጥ የሚገቡ ላስቲኮች)፣ የላሉ ዳዶዎችና ኩሽኔታዎች (ቤሪንጎች) ናቸው። እነሱን ለማግኘት ደግሞ የሚያስፈልገው መሬት ላይ ተኝቶ በእጅ መዳሰስ ነው።

የእርስዎ መኪና ሦስት የተለያዩ ችግሮች በአንድ ጊዜ የተደራረቡበት ይመስለኛል። መዋለሉና የመሪው አለመመለስ ከሞላው ከፍታ የመጣ ነው። መርገብገቡ የላላ ነገር አለ ማለት ነው። ወደ ግራ መሳቡ ወይ የፍሬን ወይ የጎሚኒ ጉዳይ ነው። በአንድ ዕቃ ሦስቱንም መፈወስ አይቻልም።

ከመጀመሪያው ልነሳ፣ ምክንያቱም ይህን ማንም ሳይነግርዎ ገንዘብ አስወጥተውዎታል። የብስክሌትን የፊት ሹካ ከጎን ቢመለከቱት ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ ጋደል ያለ ነው። ብስክሌተኛ እጁን ለቅቆ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ያ ማጋደል ነው። በመኪናም እንዲሁ ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበት መስመር ከላይ ወደ ኋላ ጋደል ይላል። ይህን ካስተር ይሉታል፤ ከኩርባ በኋላ መሪውን ወደ መሐል የሚመልሰው እሱ ነው። የእርስዎ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ካስተሩ 3 ዲግሪ ገደማ ነበር። የፊቱ አክስል ከሻንሲው ጋር የተያያዘው ወደ ኋላ በሚዘረጉ ሁለት ክንዶች ስለሆነ፣ መኪናው ከፍ ሲል ክንዶቹ ወደ ታች ያዘቀዝቃሉ፤ አክስሉም አብሯቸው ወደ ፊት ይንከባለላል። 5 ሴንቲሜትር ከፍታ 2 ዲግሪ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ የቀረዎት 1 ዲግሪ ቢሆን ነው። በጫጫ ሜዳ ላይ ነፋስ በጎን ሲመታዎት መኪናው የሚቅበዘበዘው፣ በጣርማ በር ኩርባዎችም መሪውን በእጅዎ መመለስ ያለብዎት ለዚህ ነው።

አላይመንት ቤት ወስደው ነበር እንደሚሉ አልጠራጠርም። ነገር ግን በዚህ አክስል ላይ አላይመንት ሠሪው በቁልፍ ማስተካከል የሚችለው የጎማዎቹን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መመልከት ብቻ ነው። ካስተሩን ማሽኑ ይለካዋል እንጂ የሚስተካከልበት ብሎን የለም። ስለዚህ ሲሄዱ የታተመውን ወረቀት ይጠይቁ፤ ካስተር የሚለውን ቁጥር የግራውንም የቀኙንም ያንብቡ። ከ2 ዲግሪ በታች ከሆነ የመዋለሉን ምክንያት አግኝተዋል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ክንዶቹ ከአክስሉ ጋር በሚታሰሩበት በኩል፣ ቀዳዳቸው ከመሐል ፈንጠር ያለ ልዩ ጎሚኒዎችን አስገብቶ አክስሉን ወደ ኋላ መመለስ ነው። ሁለተኛው ወደ መደበኛው ቁመት ሞላ መመለስ ነው። የእኔ ምክር ሁለተኛው ነው። እርስዎ ሰው ነው የሚጭኑት፣ አልፎ አልፎም አንድ ሁለት ኩንታል እህል። ያ ሞላ የተሠራው ሁልጊዜ ተጭኖ ለሚሄድ መኪና ነው፤ ባዶውን ሲሄድ እምብዛም አይታጠፍም፣ ስለዚህ የፒስታው ድንጋይ ሁሉ ወደ ወንበርዎ ይደርሳል። የኋላው መቀመጥ ብቻ ከሆነ ያስቸገረዎት፣ መቀየር የነበረበት የኋላው ሞላ ነበር፤ የፊቱን ማንሳት አያስፈልግም ነበር።

ከፍታው ያመጣው ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ልናገር። ከኋላ አክስል ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። ጭነት ሲበዛና ኋላው ዝቅ ሲል ለኋላ ፍሬን ብዙ ኃይል ይልካል፤ ኋላው ከፍ ሲል ደግሞ መኪናው ባዶ ነው ብሎ ይቀንሳል። ሞላው ሲቀየር ዘንጉ አብሮ ካልተስተካከለ፣ መኪናዎ ሰው ሞልቶ እንኳ ቫልቩ ባዶ ነው ብሎ ያምናል። ያኔ የፊት ፍሬን ብቻውን ይለፋል፤ በቁልቁለት አፍንጫው የሚደፋ ከሆነም ከዚህ ሊሆን ይችላል። ከጣርማ በር ለሚወርድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ መርገብገቡ። ምርመራው የሚጀምረው ከጎማ ነው፣ ምንም አያስወጣምና። መዳፍዎን በጎማው ጥርስ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ቀጥሎም ከውጭ ወደ ውስጥ ይሳቡት። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ የጎማዎቹ አቅጣጫ ተዛብቷል። ዙሪያውን ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ባላንስ ወይም አሞርዛተር ነው። ከዚያ የፊቶቹን ጎማዎች ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹን ወደ ፊት ያዙሩና በተመሳሳይ መንገድ ይንዱ። መርገብገቡ ጠባዩን ከቀየረ ጎማና ቸርኬ እጃቸው አለበት። ንፋሱንም ይለኩ። ጎሚስታው 50 ፒኤስአይ ሞልቶልዎት ከሆነ፣ እንደ ጭነት መኪና አስቦልዎት ነው፤ በበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ይከተሉ። ለዚህ መኪና በተለመደው ራዲያል ጎማ ከ30ዎቹ አጋማሽ ብዙም አይርቅም።

በዚህ አጋጣሚ፣ በአካባቢያችን ሹፌሮች ዘንድ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ንፋስ የማስተንፈስ ልማድ አለ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። ሙቀቱ በጎማው ውስጥ ያለውን ግፊት መጨመሩ እውነት ነው። ነገር ግን ወደ ቆላ ሲወርዱ የውጭው አየር ግፊትም ይጨምራል፤ ይህ መለኪያው የሚያሳየውን ቁጥር ይቀንሳል። ሁለቱ በአብዛኛው ይጣፋሉ፤ በዚህ መንገድ ላይ ልዩነቱ ከአንድ ሁለት ፒኤስአይ አይበልጥም። በሙቀት አስተንፍሰው ማታ ወደ ብርዱ ሲመለሱ ግን የላላ ጎማ ይዘው ነው ዳገቱን የሚወጡት። አያስተንፍሱ።

ጎማው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፣ ክሪክ አያስገቡ። ክብደቱ በጎማው ላይ መሆን አለበት፤ በክሪክ የተነሳ አክስል መላላቱን ይደብቃል። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሽ ዜሮ ላይ ይሁን፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ይደገፉ፣ ሞተሩ ይነሳ። አንዱ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሪውን ጥቂት ጥቂት፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ፈጠን አድርጎ ያወዛውዘው። ሌላው ከፊት በኩል ተኝቶ እያንዳንዱን መገናኛ በእጁ ይያዝ፤ አውራ ጣቱን በአንዱ ዕቃ ላይ፣ ሌሎች ጣቶቹን በሚቀጥለው ላይ አድርጎ። ጤነኛ መገናኛ ሁለቱን አብሮ ያንቀሳቅሳል። የላላ ከሆነ አንዱ ቀድሞ ይሄዳል፣ ሌላው ዘግይቶ ይከተላል፤ መዘግየቷን ዓይን ባያይ እንኳ ጣት ያገኛታል። ከመሪ ሳጥኑ ተነስቶ እስከ ጎማው ድረስ ቴስቲኒዎቹን (የመሪ ዘንጎቹን ጫፍ መገናኛዎች) አንድ በአንድ እንዲህ ይዳሰሱ።

ከሁሉ በላይ ግን ከአክስሉ በላይ አግድም የተዘረጋውን ዘንግ ይመልከቱ። ፓናርድ ይባላል፤ አንዱ ጫፉ ሻንሲው ላይ፣ ሌላው አክስሉ ላይ ነው፤ ሥራው አክስሉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት መያዝ ነው። መሪው ሲወዛወዝ ጫፎቹ ዘንድ ብሎኑ በቀዳዳው ውስጥ የሚንቀሳቀስ፣ ወይም ዘንጉ ጎሚኒውን ጨምቆ የሚመላለስ ከሆነ፣ የመርገብገቡን ዋና ተጠርጣሪ አግኝተዋል። ጉድጓዱ አክስሉን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ የላላው ፓናርድ ይለቀዋል፣ መሪው ወደ ሌላ ያዞረዋል፣ ተመልሶ ይገፋል፤ ፍጥነቱ እስኪበርድ ድረስ ይቀጥላል። የመሪ አሞርዛተሩ ይህን አፍኖ ይዞት ነበር። አዲሱ ለአንድ ወር የረዳዎትም ለዚህ ነው። ማፈን እንጂ መፈወስ አልነበረም።

ቀጥሎ ክሪክ ያስገቡና ጎማውን ያንሱ፤ መኪናውን ግን በማቆሚያ ደግፉት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት። ላላ ካለ አሁን ሌላው ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ መላላቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ፍሬን ተረግጦም ከቀጠለ፣ ጎማው ግራና ቀኝ የሚዞርባቸው የላይና የታች ኩሽኔታዎች ናቸው። ይህችን ሙከራ ሳያደርግ ኩሽኔታ የሚፈታ ሠራተኛ በግምት እየሠራ ነው። የጎማው ኩሽኔታ ዳዶ ባለ 54 ሚሊሜትር ሶኬት ይፈልጋል፤ ሞዞው (የጎማው መሐል) ሲከፈት ዳዶው ጠርዙ ላይ የመሮ ጠባሳ ካለው ከዚህ በፊት በመዶሻ ተመቶ እንደጠበቀ ይወቁ። በመዶሻ የጠበቀ ኩሽኔታ ወይ ይግላል ወይ ይላላል።

እዚያው ሳሉ አክስሉ ጫፍ ላይ ያለውን ክብ ኳስ በጨርቅ ይጥረጉ። ወፍራም ግሪስ በስሱ ተቀብቶ ቢታይ ደህና ነው። ዘይት ሆኖ የሚንጠባጠብ፣ ጥቁርና ቀጭን ከሆነ የዲፈረንሻል ዘይት የውስጡን ማኅተም አልፎ ግሪሱን አጥቦታል። ያኔ ኩሽኔታዎቹ ደህና ቢመስሉም መከፈት አለባቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ስለሆነ ለይቼ ልጻፈው። የመሪው ክንድ ከመዞሪያው (ጎማውን ይዞ ግራና ቀኝ ከሚዞረው ክፍል) ጋር በአራት ዳዶዎች ታስሯል፤ ከሥራቸው ሾጣጣ ሮንዴላዎች አሉ። በዚህ መኪና ላይ እነዚህ ዳዶዎች ሲላሉ ብሎኖቹ ተራ በተራ ይበጠሳሉ። የመጨረሻው ሲበጠስ መሪው በእጅዎ ይቀራል፣ ጎማው ግን በራሱ ፈቃድ ይሄዳል። ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ ያስወግዱና ይመልከቱ፤ በዳዶው ዙሪያ ቀይ የዝገት ብናኝ ካለ እየተንቀሳቀሰ ነው። አራቱንም በግራም በቀኝም በቁልፍ ይሞክሩ። ጎማው ሲርገበገብ የቆየ መኪና ላይ ይህን ሳይመለከቱ ማለፍ አይገባም። የመሪ ሳጥኑና የፓናርዱ መያዣ ያሉበትን ሻንሲም በባትሪ ብርሃን ይቃኙት፤ በጭቃው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ዝገታማ መስመር ከታየ ስንጥቅ ነው።

ጎሚኒ መቀየር ካስፈለገ ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛው፣ ቶርኖ ቤት ከናይለን ወይም ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ የሚሠራውን ለእነዚያ ክንዶች አይቀበሉ። የዚህ አክስል አሠራር በጎሚኒው መለጠጥ ላይ የቆመ ነው፤ አንዱ ጎማ ወጥቶ ሌላው ሲወርድ ክንዶቹ እንዲጠማዘዙ የሚፈቅድላቸው ላስቲኩ ብቻ ነው። ድንጋይ የመሰለ ጎሚኒ ካስገቡ ጭንቀቱ ወደ ብረቱ ይሄዳል፤ ፒስታው ላይም ከበፊቱ የባሰ ያናውጥዎታል።

ሁለተኛው ከዚህም ይበልጣል። ጎሚኒው ውስጥ ያለው የብረት ቱቦ ከላስቲኩ ጋር የተጣበቀ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ባለበት ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ እንቅስቃሴው ሁሉ በላስቲኩ መጠምዘዝ ነው። መኪናው በክሪክ ተነስቶ፣ አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑን ካጠበቁት፣ መኪናው መሬት ሲነካ መኪናው ቆሞ ሳለ እንኳ ላስቲኩ ተጠማዝዞ ይኖራል። በጥቂት ወራት ይቀደዳል፣ ዕቃው ግን «አስመስሎ የተሠራ ነው» ተብሎ ይታማል። ትክክለኛው አሠራር ብሎኖቹን ለቀቅ አድርጎ አስገብቶ፣ መኪናውን በጎማው አቁሞ፣ ጥቂት ወደ ታች ወደ ላይ አወዛውዞ፣ ከዚያ በመጨረሻ ማጥበቅ ነው። ሠራተኛው አጠገብ ቆመው ይህንን በዓይንዎ ይዩ። የሚቀየም ከሆነ ይቀየም።

ፍሬኑን በተመለከተ፦ ሲይዙ ወደ ግራ ስቦ፣ ሲለቁ ደግሞ ጅው ብሎ ወደ ቀኝ የሚመለስ ከሆነ አክስሉ በላሉት የክንድ ጎሚኒዎች ላይ እየተዟዟረ ነው። ሲይዙ ብቻ በእኩል ኃይል የሚስብ ከሆነ የፍሬኑ ነው። ደብረ ሲና ሲደርሱ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆመው መዳፍዎን ወደ ግራና ቀኝ ቸርኬ ያስጠጉ፣ አይንኩ። በጣም የሚለያይ ከሆነ፣ ወይ የጋለው አይለቅም ወይ የቀዘቀዘው አይሠራም። ጎማዎቹን አንስተው በእጅ ሲያዞሩ የማይለቀው ይታወቃል። በዚህ መኪና የፊት ፍሬን በእያንዳንዱ ጎማ አራት ፒስተን አለው፤ አንዷ በዝገት ብትያዝ እንኳ ይበቃል።

አሞርዛተሮቹን ለመለየትም መኪናውን በእጅ መጫን በዚህ ክብደት አይረዳም። ፒስታ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ነድተው ወዲያው በጀርባ እጅዎ ይንኳቸው። የሠራ አሞርዛተር ይሞቃል። አንዱ ከሌሎቹ ቀዝቃዛ ከሆነ ሥራ ፈትቷል።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ንጹሕ ከሆነ ነው ሳጥኑ የሚጠየቀው። ወደ ሳጥኑ የሚገባውን ዘንግ አንድ ሰው ይያዝ፣ ሌላው መሪውን ያወዛውዝ። ዘንጉ እየዞረ የሳጥኑ ክንድ የማይንቀሳቀስ ከሆነ መላላቱ በእውነት ሳጥኑ ውስጥ ነው። የመሪው ባዶ እንቅስቃሴ በመሪው ጠርዝ ሲለካ እስከ 4 ሴንቲሜትር ድረስ ለዚህ መኪና የተፈቀደ ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ሳጥኑን መክሰስ አይገባም። ደግሞም ሳጥኑ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን «ላጥብቅልዎት» የሚል ቢመጣ አይፍቀዱ። ከልክ በላይ ስትጠብቅ መሪው መሐል ላይ ይያዛል፣ ከኩርባ አይመለስም፣ ካስተሩ የጎደለበትን መኪና ይባስ ያዋልለዋል። ምናልባትም አስቀድሞ ተጠብቃ ይሆናል፤ ዳዶዋ ላይ አዲስ የቁልፍ ጭረት ካለ ይጠይቁ።

ስለ መሐል ሜዳው ጉዞ፦ የመሪ ክንዱን አራት ዳዶዎች በሁለቱም በኩል፣ የፓናርዱን ሁለት ጫፎች፣ የጎማ ኩሽኔታዎቹን፣ የፍሬኑንም ሙቀት ማየት የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። አንድም ላላ ካላገኙበት፣ ፍሬኑ የማይለቅ ጎማ ከሌለ፣ ንፋሱንም ካስተካከሉ፣ ከ50 ሳያልፉ፣ ቁልቁለቱን በማርሽ እየያዙ መሄድ ይችላሉ። ከጣርማ በር ወደ መንዝ ከዞሩ በኋላ ፍጥነቱ በራሱ ይቀንሳል። መርገብገቡ ቢነሳ ፍሬን በድንገት አይርገጡ፤ መሪውን ጠበቅ አድርገው ይያዙ፣ ነዳጁን ይልቀቁ፣ ፍጥነቱ ሲበርድ ወደ ጥግ ይውጡ። ፓናርዱ ወይም ኩሽኔታ ላልቶ ከተገኘ ግን ቤተሰብዎን በአውቶቡስ ይዘው ይሂዱ። ከአራቱ ብሎኖች አንዱ ተበጥሶ ካገኙ ደግሞ መኪናውን እስከ ጋራዥ ድረስ እንኳ አይንዱት፤ ሠራተኛው እቤትዎ ድረስ ይምጣ።